አምስተኛው ዙር

ኦሪን ትቬት የበቆሎ ማሳው ከቤዝቦል ሜዳው አጥር ጋር የተጣበቀ ገበሬ ነው። በሜዳው ቋሊማ የምትሸጠው ሎርና ለዚህ ሰው ያላትን ንቀት ደብቃ አታውቅም። በዚህ ሁሉ ዓመት ከኪዮስኳ አንድ ቋሊማ ገዝቶ አያውቅም። ኳስ አጥር ዘሎ በቆሎው ውስጥ ሲወድቅ መልሶ ይወረውርና ትራክተሩን አስነስቶ ይሄዳል። ሰላምታም የለው።

ሜዳው አርጅቷል። ጣሪያው ስር ርግቦች ሰፍረዋል፤ የእንጨት መቀመጫው ሲቀመጡበት ይንጣጣል፤ ውጤቱ አሁንም በእጅ በሚሰቀል ቆርቆሮ ነው የሚታየው። የትንሿ ከተማ ትንሽ ቡድን ከፈረሰ ወዲህ ምክር ቤቱ ሊሸጠው አስቧል። አንድ ዕድል ብቻ ሰጠ። እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ አንድ ሙሉ ጨዋታ ከተደረገበት ይቆያል፤ ካልተደረገበት ለጨረታ ይወጣል። ያኔ የሎርና ኪዮስክም፣ ከእናቷ የወረሰችው መተዳደሪያዋ፣ አብሮ አበቃለት።

«ጨረታ ከወጣ የሚገዛው ኦሪን ነው» አላት ዌንደል ሃስ፣ የ‹ሜዳውን እናድን› ኮሚቴ ሊቀመንበር። «አጥሩን ነቅሎ በቆሎ ይዘራበታል። አንቺንም ከነኪዮስክሽ ያርስሻል።»

«እኔ ለሱ አልበቅልለትም» አለች ሎርና።

ዌንደል የድሮ ተጫዋቾችን አሰባሰበና የሴፕቴምበርን የመጨረሻ ቅዳሜ ቀጠረ። ሙቀቱ በረድ ሲል ለሽማግሌ ጉልበት ይሻላል አለ።

ቅዳሜ መቀመጫው ሞላ። ቡድኑ በሕይወት እያለ ትኬት ያልቆረጡ ሁሉ ዛሬ ጣውላ እየዳሰሱ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ኦሪን ጭቃ በያዘ ቦት ጫማው መጥቶ ኪዮስኩ ጋ ቆመ።

«ቶሎ ይጀምሩ በያቸው» አለ። «ከምዕራብ እየመጣ ነው።»

«ሰማዩ ጥርት ብሏል።»

«ላንቺ ነው ጥርት ያለው።»

«ሕዝቡ ፈርቶ እንዲበተንልህ ነው?»

ኦሪን ወደ መቀመጫው ሄደ።

ለዌንደል ስትነግረው ሳቀ። «ገበሬው ዝናብ እየጠራብን ነዋ።» ከዚያ ማይክራፎኑን ያዘ። ስለ ጣውላው ሽታ ተናገረ። አባቱ ትከሻው ላይ አድርጎ እዚህ ስላመጣው ቀን ተናገረ። የድሮ ተጫዋቾችን በየስማቸው እየጠራ አስጨበጨበላቸው፤ የሞቱትንም ጠራ። ድምፁ ሲቆራረጥ ሎርና አለቀሰች። ኦሪን ግን ደጋግሞ ወደ ምዕራብ ያይ ነበር። ምን እንደሚጠብቅ እሷ ታውቃለች።

ጨዋታው ሲጀመር ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። አራተኛው ዙር እንዳለቀ ማካፋት ጀመረ። ሕጉን የማያውቅ የለም፤ አምስት ዙር ካልሞላ ጨዋታ አይባልም። ዳኛው መዳፉን ዘርግቶ ጠብታውን አየና «ይቀጥል» አለ።

ዌንደል ግን ከመቀመጫው ተነስቶ ነበር። «ሸራ አምጡ። አያቶቻችን የደለደሉት አፈር እያያችሁት ጭቃ ሊሆን ነው? ወገኖቼ፣ ውረዱ።»

ዝናብ ሲመጣ ተመልካቹ ወርዶ አፈሩ ላይ ሸራ መጎተት የዚህ ሜዳ ወግ ነው፤ ሸራው እስኪነሳ ጨዋታ ይቆማል። ሁሉም ወረደ። ኦሪን መሃላቸው ገብቶ ቆመ።

«ሸራውን ተዉት። በጭቃም ቢሆን ጨርሱት።»

«አፈሩ እንዲበላሽልህ ነዋ» አለችው ሎርና የሸራውን ጠርዝ እንደያዘች።

«አፈር ይደርቃል።»

«ዞር በል አንተ ሰውዬ። ፍግ ፍግ ትሸታለህ።»

ሰዎቹ ሳቁ። ሸራውን በቦት ጫማው ላይ ጎትተው አለፉ።

ካፊያው ዶፍ ሆነ። ዳኛው ጠበቀ፣ ጠበቀና ኮፍያውን አውልቆ ጨዋታውን በአራት ዙር አቋርጦ ሁሉንም ወደየቤቱ ሰደደ። ከሸራው ስር ያለው አፈር ጠብታ አልነካውም።

በጨረታው ቀን ሎርና ማዘጋጃ ቤት ሄዳ፣ ሆን ብላ ከኦሪን ትይዩ ተቀመጠች። እጁን ሲያነሳ ዓይን ዓይኑን ልታየው ነበር። አጫራቹ መነሻ ዋጋውን ጠራ። የኦሪን እጆች ጉልበቱ ላይ ነበሩ። አጫራቹ ደግሞ ጠራ። እጆቹ አልተንቀሳቀሱም። እሱ የሚያየው በእሷ ትከሻ ላይ አሳልፎ፣ ወደ ኋላ ነበር።

ዞር ስትል ዌንደል እጁን አንስቷል።