ስክሪኑ ጥቁር ለበሰ

"ልጄን የት አደረሳችሁት?!"

እትዬ የብርጓል ይህን ያሉት ሴት ልጃቸው ፍቅርአዲስ የጽሕፈትና ኮፒ ሥራ የምትሠራበት ሱቅ በር ላይ ቆመው ነው...

ዓይናቸው ኮምፒውተሩ ላይ ፈጦ ቀርቷል።

ገበያ በዋለ ቁጥር ድንቻቸውን ሸጠው ወደዚህች ሱቅ ጎራ ይላሉ። ፍቅርአዲስን ለማየት ብቻ እንዳይመስላችሁ!

ስክሪኑ ላይ የወንድ ልጃቸው የአንተነህ ፎቶ አለ። የምርቃት ጋዋን ለብሶ፣ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ... እሱን አይተው ነው ወደ ቤት የሚገቡት።

አንተነህ ደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር ይጠግናል። ከዚህ ከሮብ ገበያ ከተማ በሚኒባስ ምን አላት! ግን ከፋሲካ ወዲህ ዝር አላለም። ስልኩም ዝም ካለ ሰንብቷል።

ዛሬ ደግሞ ፎቶው የለም... ስክሪኑ ጥቁር ብቻ!

"እማ፣ መብራት ጠፍቶ በባትሪ እየሠራሁ ነው። ጥቁር ከሆነ ባትሪ አይጨርስም ሲሉ ሰምቼ ነው የቀየርኩት።"

"አታሞኚኝ! ጥቁር ለምን እንደሚለበስ አጣሁት?"

"ኧረ በማርያም! ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም!"

አይ ፍቅርአዲስ... ይቺን ባትናገር ይሻላት ነበር።

የአባቷ መርዶ ተደብቆ በነበረ ጊዜ እናቷ ከሰው ሁሉ የሰሙት ይህንኑ ነዋ! "ደህና ነው... ምንም አልሆነም..."

"በይ ደውይለት!"

ደወለች... ዝግ ነው።

ደገመች... አሁንም ዝግ ነው። አሁን የእሷም ፊት ተለዋወጠ። እናት ያን ፊት አዩ፤ አለቀ።

"ወይኔ ልጄን!"

ገበያተኛው ድንቹንም ገብሱንም ጥሎ ጎረፈ።

"ማን ነው የሞተው?"

"እኔ ምን አውቄ! ዝም ብለሽ አልቅሺ!"

ከሰዓት በኋላ አንድ ሚኒባስ መጣ። ገና ሳይቆም አንድ ወጣት ዘሎ ወረደ... ደረቱን እየደቃ!

"ወይኔ እናቴን! ሳላይሽ! ሳልጠይቅሽ!"

ሰዉን ጥሶ ገባ... ከእናቱ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

እሳቸው እሱን ያለቅሳሉ... እሱ እሳቸውን ያለቅሳል።



ከዚያ በኋላ የሆነውን እንኳ እኔ ልጽፈው አልችልም። እቅፍ ብቻ ነው። አልቃሹ ሁሉ እንደገና አለቀሰ፣ ይኼኛው ግን ሌላ ነው።

ለካ ሹፌሩ ጌቾ ለቅሶውን በመንገዱ አይቶ ማርቆስ ሲደርስ "እህትህ ሱቅ በር ላይ ለቅሶ አለ" ብሎታል። ማን እንደሞተ ጌቾም አያውቅ፤ የአንተነህ ልብ ግን ወዲያው ወደ እናቱ ሄደ!

ስልኩስ? ሲም ቀይሮ ኖሯል። አዲሱን ቁጥር ለደንበኛ ሁሉ በትኗል... ለእናቱ ግን ዛሬ ነገ ሲል ቀረ።

ነገሩን ሲሰማ አንተነህ እንባውን እየጠረገ ወደ ስክሪኑ ዞረ።

"አንቺ ልጅ፣ ጥቁር የሚቆጥበው አንዳንድ ስልክ ላይ ነው። የዚህ ስክሪን መብራት ያለው ከኋላው ነው፤ ጥቁርም ይሁን ነጭ እኩል ይበላል ማለት ይቻላል። ባትሪው እንዲቆይልሽ ብርሃኑን ቀንሺው።"

"እና በከንቱ ነው እማን እንዲህ ያስለቀስኳት?"

እትዬ የብርጓል የልጃቸውን እጅ አልለቀቁም።

"ምን በከንቱ! ይኸው እሱን አመጣልኝ..."

ቀና ብለው ዓይን ዓይኑን አዩት።

"ግን ልጄ... ሞታለች ስትባል የቀረበህ መንገድ፣ አለች ስትባል ለምን ራቀህ?"

አንተነህ አንገቱን ደፋ።

ወገኖቼ... ለቀብር የምንሮጠውን ያህል በሕይወት ላሉት ብንሮጥ ስንት እናት ተደስታ ታድር ነበር! ወላጅ የሚፈልገው ድምፃችንን ነው፣ ዓይናችንን ነው። ሥራ መቼም አያልቅም።

እስኪ ሳታፍሩ ንገሩኝ... እናንተስ ሰው ሳይሞት፣ በዓል ሳይደርስ፣ እንዲሁ "ናፈቅሽኝ" ብላችሁ እናታችሁ ዘንድ የሄዳችሁት መቼ ነው?