የሞክሼው ቀን

የሚኒስትሩ መታሰቢያ ቀን የፈተናው ሳምንት መሃል ባይገባ ኖሮ ነገሩን የሚቆፍር አይኖርም ነበር።

ግማሹ ወላጅ «ቀኑ ይዛወር» አለ። ግማሹ «ትምህርት ቤታችንን ለመሠረተ ሰው አንዲት ቀን ትነፍጋላችሁ?» ብሎ ተነሳ። ርዕሰ መምህሩ ጭቅጭቁን ለመገላገል ሲል ትክክለኛውን ቀን ከቤተ መዛግብት አስጠየቀ። መልሱ ሲመጣ ጉድ ፈላ።

ለካ ሚኒስትሮቹ ሁለት ነበሩ፤ ስማቸው ከነአባታቸው አንድ። ሰው አንዱን «ከፋቹ» ሌላውን «ዘጊው» እያለ ይለያቸዋል። አንዱ ትምህርት ቤቶችን ከፈተ፤ ሌላው በተማሪዎች አመጽ ጊዜ በወታደር አስዘጋቸው። ተማሪዎቹ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ አበባ ይዘው የዘመሩት ዘጊው በሞተበት ቀን ነበር።

ጣት ሁሉ ወደ ታሪክ መምህሩ ዞረ። የካላንደር ኮሚቴው ሰብሳቢ እሱ ነው። በዚያ ላይ አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ «ዘጊውም ቢሆን ሰው ነበር» ብሏል።

«ሆን ብሎ ነው፤ ይባረር!» አሉ ወላጆቹ።

ይህን ሁሉ ቃለ ጉባኤ ላይ የምትጽፈው የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ነበረች። ማህተሙ ከእጇ ስለማይለይ «እትዬ ማህተም» ይሏታል። አክስቷ ዘንድ ያደገች፣ ዝምተኛ፣ ጡረታዋ የደረሰ ሴት ናት። ካላንደሩ በየዓመቱ የአምናው እየተገለበጠ ይሠራል፤ ሰብሳቢው ሳያነብ ይፈርማል፣ እሷ ማህተሙን ትመታለች። ያቺን ቀን ከአስራ አንድ ዓመት በፊት ያስገባችው እሷ ናት።



«እትዬ፣ የድሮዎቹን ካላንደሮች አንዴ ያሳዩኝ?» አላት መምህሩ ቢሮዋ መጥቶ። «ማን እንደጻፈው ባውቅ እተርፋለሁ። ሦስት ልጆች አሉኝ።»

«የሳጥኑ ቁልፍ ጠፍቶብኛል» አለች። ቁልፉ ኪሷ ውስጥ ነበር። አመስግኗት ሲወጣ ራሷን ጠላች።

አርብ ዕለት የወላጆች ኮሚቴው መምህሩን ለማሰናበት እጅ ሊያወጣ ሲል እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እሱ የለበትም። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ርዕሰ መምህሩ መነጽሩን አወለቀ። «ሆን ብለው ነው፣ እትዬ?»

ኪሷ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ጨበጠች። 

«ተሳስቼ ነው» አለች በመጨረሻ። «ቀኑን ያየሁበት የታሪክ መጽሐፍ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው።»

ቤቱ ሁሉ ተነፈሰ። «ሞክሼ ያላሳሳተው ማን አለ?» አለ አንድ ወላጅ። «እኔ ራሴ በሕይወት ላለ ጓደኛዬ አልቅሼ አውቃለሁ፤ የሞተው ሞክሼው ነበር።» ተሳሳቁ። እሷን በቃል ማስጠንቀቂያ አለፏት፤ ቀኑም ተቀየረ። መምህሩ እጇን ይዞ «ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ልጆቼን አተረፉልኝ» ሲላት ቀና ብላ ማየት አቃታት።

ከሥራ ስትወጣ ወደ ቤቷ አልሄደችም። መካነ መቃብሩ ጥግ ላይ፣ ሰው የማይቆምበት አንድ ድንጋይ አጠገብ ተንበረከከችና አረሙን ነቀለች።

«አባዬ፣ አስራ አንድ ዓመት ልጆቹን አዘመርኩልህ፤ ዛሬ ግን ሰው ፊት ‹ተሳስቼ ነው› ብዬ ካድኩህ።»