ፒያኖው ውስጥ የረሳሁት ላስቲክ

እስቲ ወዲህ ጠጋ በሉ። አንተም ረጅሙ፣ በሩ ላይ ቆመህ አትንገላታ፣ ቦታ አለ፣ ተቀመጥ። ስለ አንዲት ልጅ ላጫውታችሁ ነው። ጥፋቱ የኔ፣ ሙያው የሷ ነው።

እኔ ፒያኖ ቃኚ ነኝ። ትምህርቴ እስከዚህም ነው፣ ጆሮዬ ግን አያሳፍረኝም። የከተማው የሙዚቃ ፌስቲቫል በደረሰ ቁጥር ይጠሩኛል። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ መድረኩ የተሰጠው ለአዳዲሶቹ የጃዝ ልጆች ነበር። ተራው የሦስት ጓደኛሞች ሆነ። እኔ አንገቴን ፒያኖው ሆድ ውስጥ ከትቼ የመጨረሻዎቹን ክሮች አጠባብቃለሁ፤ ፒያኖ የምትጫወተው ልጅና እናቷ አጠገቤ ቆመው በሹክሹክታ ይነታረካሉ።

«ምዝገባው ሰኞ ይዘጋል» አለች እናትየው። አዋላጅ ነርስ ናት፤ ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች ነጭ ጫማዋን እንኳ አልቀየረችም። ልጇም እንደሷ ነርስነት እንድትማር ነው የምትፈልገው።

«አውቃለሁ እማ።»

«አንድ ጊዜ መጥተሽ ስሚኝ አልሽ፣ ይኸው መጣሁ። ልቤ ካልተቀበለው ሰኞ ጠዋት አብረን ሄደን ትመዘገቢያለሽ። ተስማምተናል?»

«ተስማምተናል።»

«በይ ፀጉርሽን ከፊትሽ ላይ አንሺው።»

ድራም የሚመታው ጓደኛዋ፣ አንድ ቦታ ማረፍ ስለማይችል ፌንጣ ነው የሚሉት፣ «እትዬ፣ ግማሹን እኮ የሚጫወተው ፀጉሯ ነው» አላት። እናትየው ልትስቅ ዳድቷት ተወችውና ወርዳ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ሰዓት አልፏል፣ ይውረዱልን» አለኝ የድምፅ ባለሙያው። መሣሪያዬን አፋፍሼ ወረድኩና ከመድረኩ ጎን ቆምኩ።

ልጅቷ ጀመረች። ቀኝ እጇ ቀስ ብሎ ወሬ እንደሚጀምር ሰው ነው። ከዚያ ግራ እጇ አንዱን ወፍራም ድምፅ ፍለጋ ወደ ታች ወረደና መታው። «ዱክ» አለ፣ በጡጫ እንደተመታ ሣንቃ። ሌላ ድምፅ የለውም።

ክው አልኩ። ክር ስቃኝ ጎረቤቱ አብሮ እንዳይጮህ በመሃል የምሸጉጣቸው ትንንሽ ላስቲኮች አሉኝ፤ አራት ናቸው። ኪሴን ዳበስኩ፤ ሦስት። አራተኛው እዚያ ውስጥ ክሮቹን አንቆ ተቀምጧል። ስንት ዓመት የሠራሁበትን ሥራ! የዘንድሮ ጀማሪ እንኳ ሳያወጣ አይወርድም።

የባሰው ደግሞ፣ ያ ድምፅ ዜማው በየዙሩ እየተመለሰ የሚያርፍበት ነው። ዞሮ መጣ። «ዱክ።» ከኋላ አንድ ጎረምሳ ሳቀ። እናትየውን አየኋት፤ ልጇ ስታፍር ላለማየት የገዛ ጉልበቷን ታያለች። ሰኞ በዓይኔ ላይ መጣብኝ። የልጅቱን ሰኞ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ዙር ያንን ድምፅ ትሸሸዋለች ብዬ ነበር። እኔ ብሆን እሸሸው ነበር። እሷ ሄደችበት። አንዴ መታችው፣ ቆየች፣ ከዚያ ሁለቴ። «ዱክ… ዱክ ዱክ።» አንገቷን ወደ ፌንጣ አዞረች። ያ አርፎ የማያውቅ ልጅ በትሮቹን ጭኑ ላይ አስቀመጠ፣ በመዳፉ ትልቁን ከበሮ ነካ፣ ልክ እንደሷ አድርጎ መለሰላት። ቤዝ የያዘው ዝምተኛው ልጅ ደግሞ ፒያኖው የነፈጋትን ወፍራም ድምፅ ከራሱ ክር አውጥቶ ከሥሯ አነጠፈላት። ማንም አልነገረው። ሰማት፣ በቃ።

እናንተዬ፣ እኔ ጎበዝ ሰምቻለሁ። ጣታቸው የሚበር፣ ሰው የሚያስጨበጭቡ ስንቶቹን። እነዚህ ሦስቱ ግን ዕድሜያቸው ቢደመር የኔን አይሞላም፤ የተበላሸ ነገር እጃቸው ላይ ሲወድቅ አልተቆጡትም፣ አልደበቁትም። እንደ እንግዳ ቦታ ለቀው አስቀመጡት። እሷ ትጠይቃለች፣ ፌንጣ ይመልሳል፣ ያ የታነቀ ድምፅ በመሃል «ዱክ» ሲል ሰው ይጠብቀው ጀመር። አንዴ ሆን ብላ ስታስቀረው ጊዜ ጎረምሳው ራሱ ከኋላ በእግሩ ሞላላት።

የመጀመሪያው ዜማ ሲያልቅ በጭብጨባው መሃል ደፍሬ ወጣሁ። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ጎንበስ ብዬ እጄን ወደ ክሮቹ ሰደድኩ።

«ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ላስቲክ ረስቼብሽ ነው። ላውጣልሽ።»

ወደ እኔ ዘንበል አለች። ላብ በላብ ሆናለች።

«አባባ፣ አይንኩብኝ» አለች ቀስ ብላ። «ገና አልጨረስኩበትም።»

«ለሚቀጥለውም?»

«ለሚቀጥለውም። ከዚያ ይወስዱታል።»

ፌንጣ ከኋላዋ፣ «አባባ፣ ትርፍ ካለዎት ለኔም አንድ ይጣሉልኝ» አለ።

ባዶ እጄን ተመለስኩ። ሕዝቡ ለምን እንደወጣሁ ሳይገባው ለኔም አጨበጨበልኝ። እያፈርኩ በሁለተኛው ረድፍ በኩል አለፍኩ።

ልጅቷ ቀጣዩን ዜማ ጀምራለች። እናትየው ቀና ብላለች። ከጎኗ አንድ የማታውቀው ሰውዬ መነጽሩን እየጠረገ ተቀምጧል። ማንም ሳይጠይቃት ክንዱን ነካ አደረገችው።

«የኔ ልጅ ናት።»

«አቤት?» አለ ሰውዬው፣ አልሰማትም።

«ፒያኖው ላይ ያለችው» አለችው፣ ዓይኗን ከመድረኩ ሳትነቅል። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የኔ ናት።»

እንግዲህ ልጆቼ፣ ልጅቷን የሚያስታውስ አይጠፋም። እናንተ ይቺን እናት ያዙልኝ፤ ያን ጊዜ «የኔ ናት» ስትል ድምፅዋ እንዴት ዝቅ እንዳለ፣ እሱን አትርሱብኝ።