ሁለት አቤት ባዮች

ፕሮግራመሯ በታካሚው ካርድ ላይ ያለውን ቁጥር ለሦስተኛ ጊዜ አስገባች። ሰርቨሩ አሁንም ያንኑ መለሰ፦ ለዚህ ጥያቄ ሁለት መላሾች አሉ፤ የትኛውን ልጥራ? ካርዱን ይዘው ከኋላዋ የቆሙት የሆስፒታሉ ዋና ነርስ ተነፈሱ። «ዛሬም እምቢ ካለ፣ ልጄ፣ ወደ ወረቀት መዝገባችን እንመለሳለን።»

ፕሮግራመሯ ድንገት ጮኸች። «አገኘሁት! አንድ ሰው ሲጠራ ሁለታችንም አቤት እያልን ነው!» የእሷ ኮድ በቁጥሩ ታካሚ ይፈልጋል፤ የአለቃዋ ኮድ ደግሞ በዚያው አድራሻ በቁጥሩ አልጋ ይፈልጋል። መፍትሔው በአለቃዋ ኮድ ውስጥ ከአልጋው ቁጥር ፊት «አልጋ» የሚል አንድ ቃል መጨመር ነበር። ጣቷ ግን ከቁልፎቹ በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። በዚያ ቢሮ የአለቃዋን የጋሼን ኮድ ደፍሮ የነካ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ዙሪያውን እየዞረ ነበር የሚሠራው። አጠገቧ ወደተቀመጡት አለቃዋ ዞረች። «ጋሼ፣ የእርስዎ ኮድ ትንሽ ፈቀቅ ቢልልኝስ?»

ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ከዚያ በአገጫቸው ወደ ኪቦርዱ ጠቆሟት።

ቃሏን ጻፈች፣ ቁጥሩን አስገባች፣ የኢንተር ቁልፉን ተጫነች። የታካሚው ስም ብቅ አለ። «እሰይ! እሳቸው ናቸው!» አሉ ነርሷ፤ በካርዱም ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። እሷም ከወንበሯ ዘልላ ተነሳች። ጋሼ ግን ዓይናቸውን ቃሉ ከተጨመረባት መስመር አልነቀሉም።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ሳይነካው ሲቀር እኮ» አሉ፣ «ልክ ስለሆነ መስሎኝ ነበር።»