የሰንበት ቋጠሮ

«እዪ ኢማ፣ አሁን ለሁለት ልትከፈል ነው» አለች የሴል ተመራማሪዋ ሳፒር፣ ማክሼቯን፣ ማለትም ኮምፒውተሯን፣ ወደ እናቷ ወደ እልፍነሽ እያዞረች። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከሰው ቆዳ የተወሰደችው ሴል ለመንገድ እንደሚነሳ ሰው ጓዟን ጠቀለለች። በውስጧ ሲበራ የነበረው ሁሉ ደበዘዘ፤ ጥቂት ነጠብጣቦች ብቻ ቀሩ።

«ስትከፈል ሥራዋን ሁሉ ታቆማለች። እነዚህ ምልክቶች ግን አይለቁም። ሁለቱ ልጆቿ እነሱን ይዘው ነው ቆዳ ሆነው የሚቀጥሉት።»

«አቤት የእግዜር ሥራ!» አለች እልፍነሽ፣ እጇን አፏ ላይ ጭና። ድሮ ወደ እስራኤል ሲሰደዱ፣ በሱዳን መንገድ ጓዙ ሁሉ ሲጣል፣ የእልፍነሽ እናት ሰንበት እንዳይጠፋባቸው ቀን እየቆጠረች በየቀኑ የነጠላዋን ጫፍ ትቋጥር ነበር። እልፍነሽም እስከ ዛሬ፣ ሐሳብ ሲይዛት፣ ጣቶቿ ነጠላዋን ይቋጥራሉ። ምክንያቱን ግን ለልጇ ነግራት አታውቅም።

ዛሬ ልትነግራት ቀና አለች። ሳፒር በሥዕሉ ተመስጣ፣ ሳታውቀው፣ የሹራቧን ማሰሪያ እስከ ጫፉ ቋጥራዋለች። እልፍነሽ ሴሏን ትታ ቋጠሮውን ታይ ጀመር።