የናሙና ጥርስ

መቂ ላይ ቲማቲም ገበያ የሚወጣው ከገበሬው ቤት አንድ ጥርስ ተነቅሎ ከተለካ በኋላ ነው። የተባይ መድኃኒቱ ፍሎራይድ ጥርስ ውስጥ ይከማቻል፤ ከልኩ ከበለጠ ማሳው በትራክተር ይደፈጠጣል። የጉድጓድ ውሃም ጥርስ ያበልዛል ቢባል፣ መሣሪያው አይለይም።

የበዳቱ ባል ቱሉ የቀረው ድዱ ብቻ ነው። ለእሷም የቀሩላት አራት የበለዙ ጥርሶች ናቸው። ናሙና ሊወስድ የመጣው ተቆጣጣሪ አፏን አየና ጉጠቱን አወረደ።

«ያንቺ አያልፍም፣ እህቴ። የልጅቷን እንውሰድ፤ የሷ ነጭ ነው።»

ነጭ ነው። በዳቱ አሥር ዓመት ሙሉ የጣሪያ ውሃ እያጠራቀመች ያጠጣቻት፣ ልጇ ሲፈን እንኳ አፏን በእጇ ሳትሸፍን ትሳቅ ብላ ነው።

«አንድ ጥርስ እኮ ናት» አለ ቱሉ በተኮላተፈ አንደበቱ። «ያዢያት።»

ሰውዬው የልጅቷን አገጭ ሲጨብጥ በዳቱ ተወርውራ እጁን ነከሰችው። በጉጠቱ ግንባሯን ፈነከታት፤ አልለቀቀችም። በግድ ሲያላቅቋት አንድ ጥርሷ መዳፉ ላይ ተሰክቶ ቀረ።

«ናሙናህ ያው!» አለችው ደም እየተፋች።

ጥርሱ ተለክቶ ከልኩ በለጠ፤ ትራክተሩ ወዲያው መጣ። የደረሰው ቲማቲም ከጎማው ሥር እየፈነዳ አጥሩን አቀላው። ቱሉ ፊቱን አዙሮ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

በዳቱ ግንባሯን በሻሽ አሰረችና ለሲፈን ቆሎ ዘገነችላት። በዚያ ቤት ቆሎ ሳይወቀጥ የሚበላ ሌላ ሰው የለም።

«ቆርጥሚ» አለቻት። «ጮክ አድርገሽ ቆርጥሚ፤ አባትሽ ይስማ።»