የተቀዳው እልልታ

የትዳር አማካሪው ሃያ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ በሬዲዮ «ትዳር ይከበር፤ የቤት ገመና አደባባይ አይውጣ» ሲል ኖሯል። ምክሩን ሰምታ ወደ ባሏ የተመለሰች ሴት ወሬ በስልክ ሲመጣ ጣቱን ያነሳል፤ ቴክኒሻኑም ከመስታወቱ ማዶ ሆኖ የተቀዳ እልልታ ይለቃል። አድማጩ ይህን እልልታ ይወደዋል።

ዛሬ አንዲት እናት ደወሉ።

«ልጄን ባሏ ደብድቧት እኔ ዘንድ መጥታ ነበር። አትሄጂም ብላት ‹እስቲ እሱን ልጠይቀው› ብላ ላንተ ደወለች።»

«አስታወስኳት እናቴ! ከንፈሬ አብጦ ነው ብላ ስለ ድምጿ ይቅርታ የጠየቀችን።»

«እሷው ናት። ‹ትዳር በትዕግስት ነው፤ ገመናሽን ይዘሽ ግቢ› አልካት።»

«ታዲያ ሰማችኝ?»

«እንዴት አትሰማህ! በማግስቱ ተመለሰች። ልብሷን ያጣጠፍኩላት እኔው ነኝ።»

ፊቱ በራ፤ ጣቱንም አነሳ።

«እሰይ! እስቲ ያቅርቡልንና እንኳን ደስ ያለሽ እንበላት።»

እልልታው ስቱዲዮውን ሞላው። ሴትየዋ እስኪያበቃ ድረስ ጠበቁ።

«ዛሬ አርባዋ ነው፣ ልጄ» አሉት።